ለ16 ቀን ጄኔራል 35 ዩሮ

ጋሼ ከአዲስ አበባ ፓሪስ ሊጠይቁኝ የመጡት ባለፈው ኦገስት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአየር ማረፊያ ተቀብያቸው ሻንጣቸውን እየጎተትኩ፣ «ነገ መጀመሪያ የት ልውሰድዎት? ኢፍል ማማ?» አልኳቸው።

«እሱንማ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ» አሉ። «ይልቅ ያ የጀርመን ጄኔራል የተያዘበት ሆቴል እዚህ ነው አይደል? እሱን አሳዪኝ።»

ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ያገለገሉት መሐንዲስ ጦር ውስጥ ሲሆን ሥራቸው ፈንጂ ነበር፤ መቅበርም፣ ማውጣትም። እኔ ደግሞ እዚህ ፓሪስ አንድ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ይህን ግምገማ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ይወቀው፦ ጉብኝቱን አንዳችን በፈንጂ ዓይን፣ አንዳችን በአንሶላ ዓይን ነው ያየነው።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የእግር ጉብኝት አገኘሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ዓይነት ጉብኝት የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ ወሬያቸውም ይመሳሰላል። ማስታወቂያው «ፓሪስን ያዳነው ጄኔራል» ይላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በነፍስ ወከፍ 35 ዩሮ። ከታች በትንሹ «የሙዚየም መግቢያ ተካትቷል» የሚል አለ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ጋሼ ሁለት ነበር ያሉት። አስጎብኚው ልጅ ደክሟል ብዬ አንድ ጨመርኩለት።

የተገናኘነው ኮንኮርድ አደባባይ፣ በእኛ ሰዓት ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ነው። አስራ አንድ ሰዎች ነበርን። ሁላችንም አንገታችን ላይ የሚንጠለጠል መቀበያና የጆሮ ማዳመጫ ተሰጠን። የእኔ ይሠራል። የጋሼ ግን ከአስር ደቂቃ በኋላ ፀጥ አለ፤ ባትሪው አልቋል። መለዋወጫ አልነበረም። ለነገሩ ልጁ የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ስለነበር ጋሼን እያስተረጎምኩ መሄዴ አይቀርም ነበር። ግን 35 ዩሮ የከፈለ ሰው ባትሪ አይለምንም።

አስጎብኚው ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ታሪክ የተማረ ነው፣ ድምፁም ያምራል፣ ቀልድ ያውቃል። መግቢያው ላይ የተናገረው ደስ ብሎኛል። ጀርመኖች ጁን 14 ቀን 1940 ፓሪስ ሲገቡ (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወዲያው የከተማዋን ሰዓት በበርሊን ሰዓት ቀየሩት። ፈረንሳይ ዛሬም ከበርሊን ጋር በአንድ ሰዓት ነው የምትሄደው። እኔ በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መሃል ዘጠኝ ዓመት ስደናገር ይህን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ በፕላስቲክ የተለበጠ የድሮ ገንዘብ ቅጂ አሳየን። ወራሪዎቹ አንድ ማርክ በ20 ፍራንክ እንዲመነዘር ወሰኑ። በዚህ ስሌት ተራው ወታደር በደመወዙ ሱቁን ጠራርጎ መሄድ ይችላል። ፈረንሳይ ደግሞ ለያዛት ጦር ወጪ በቀን 400 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል ተደረገች። ጋሼ ይህንን ስተረጉምላቸው፣ «ቤትሽን ቀምቶ ኪራይ የሚያስከፍልሽ እንግዳ በይው» አሉ።

ከዚያ በሪቮሊ መንገድ ወደ ሆቴሉ ጉዞ ጀመርን። እዚህ ጋ ነው ልጁን መጀመሪያ የታዘብኩት።

የቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ግንብ፣ ከኮንኮርድ ሲገቡ በስተቀኝ፣ ላዩ ላይ የድንጋይ ሰሌዳዎች አሉት። መጠናቸው ከትራስ ብዙ አይበልጥም። እያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ «እዚህ ወደቀ»፣ «ለፈረንሳይ ሞተ»፣ ከታች ኦገስት 25 ቀን 1944 ይላል። አንዱ ጋ የደረቀ እቅፍ አበባ ተሰክቷል። ወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በዝናብ ታጥቦ ጠፍቷል። ልጁ እየተራመደ፣ «እነዚህ ፓሪስ ከጀርመኖች ነፃ በወጣችበት ቀን የሞቱ ናቸው» አለና አለፈ። አስራ አንዳችንም ተከተልነው። ዞር ስል ጋሼ የሉም። ወደ ኋላ ብመለስ ኮፍያቸውን አውልቀው አንዱ ሰሌዳ ፊት ቆመዋል። በጣታቸው ፊደሎቹን ይከተላሉ። ፈረንሳይኛ አያነቡም፤ ዕድሜውን ግን ደመሩት። «ይሄ ልጅ ነው» አሉ። ቡድኑን የደረስንበት ሮጠን ነው። ሰው ሁሉ የሆቴል በር ፎቶ ሲያነሳ አገኘነው።

ሆቴል ሞሪስ ሪቮሊ መንገድ ላይ ቁጥር 228 ነው። ዛሬም ከከተማዋ ውድ ሆቴሎች አንዱ ነው። ከውጭ ቆመን ነው ያየነው፤ መግባት የጉብኝቱ አካል አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በሚያርፍበት ቤት አስራ አንድ ሰው የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሎ ሲገባ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።

እዚህ ልጁ ሰላሳ አምስት ደቂቃ አቆመን። ሲተርክ ግን እግር ድካሙን ያስረሳል፤ ይህን አልክድም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ዓመታት የፓሪስ ትልልቅ ሆቴሎች የጀርመን መሥሪያ ቤት ሆነው ነበር። ፈረንሳይን የሚያስተዳድረው ወታደራዊ አዛዥ ሆቴል ማዤስቲክ ነበር። የስለላ ድርጅታቸው ሆቴል ሉቴሲያ። የፓሪስና አካባቢዋ አዛዥ ደግሞ እዚህ፣ ሞሪስ። ጁላይ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል የተሞከረው ሴራ ሲከሽፍ፣ ማዤስቲክ የነበረው ጄኔራል ካርል ሃይንሪሽ ፎን ሽቱልፕናግል ከሴረኞቹ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ በኋላም ተሰቀለ። ሂትለር ከዚያ በኋላ ፓሪስ ላይ የሚፈልገው ሰው ትዕዛዝ ከሰማ የማይጠይቅ ነው። ኦገስት 7 ዲትሪሽ ፎን ኮልቲትዝን አስጠራ። ኮልቲትዝ 49 ዓመቱ ነው፤ ሲሌሲያ ውስጥ ከወታደር ቤተሰብ የተወለደ፣ ከ1914 ጀምሮ መለዮ ለብሶ የኖረ፣ ከኖርማንዲ ግንባር የመጣ። ኦገስት 9 ፓሪስ ገባ። ኦገስት 25 ከሰዓት እዚሁ ሆቴል ውስጥ ተማረከ። በቃ፣ 16 ቀን።

በመሃሉ ኦገስት 19 ከተማዋ ተነሳች። ፖሊሶች የራሳቸውን ጠቅላይ መምሪያ ያዙ። የስዊድን ቆንስል ራውል ኖርድሊንግ በጀርመኖቹና በአርበኞቹ መሃል እየተመላለሰ የተኩስ ማቆም ስምምነት አበጀ፤ ብዙም አልቆየም። መንገዱ ሁሉ በአሸዋ ከረጢት፣ በተነቀለ ኮብልስቶን፣ በተቆረጠ ዛፍ ተዘጋ። ኦገስት 23 የሂትለር ትዕዛዝ መጣ፦ ፓሪስ በጠላት እጅ የምትወድቅ ከሆነ ፍርስራሽ ሆና ትውደቅ። ኮልቲትዝ አላፈረሳትም። ኦገስት 25 የፈረንሳይ ጦር ሌተናንት የሆነው አንሪ ካርሼር ወታደሮቹን ይዞ ሆቴሉ ገባ፣ ሎቢው ውስጥ ተኩስና ቦምብ ሆነ፣ ጄኔራሉ እጅ ሰጠ። ሲያወጡት መንገድ ላይ የጠበቀው ሕዝብ ምራቁን ይተፋበት ነበር።

ልጁ ይህን ሲተርክ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ። ጨርሶ «ጥያቄ አለ?» አለ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «በእነዚያ 16 ቀናት አልጋውን ማን ነበር የሚያነጥፍለት?»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ለመቀለድ አልነበረም። ሆቴል በራሱ አይንቀሳቀስም። ጄኔራል ይምጣ ንጉሥ ይምጣ፣ ጠዋት አንሶላ የምትገፍ፣ ፎጣ የምትቀይር፣ መታጠቢያውን የምትፈገፍግ ሴት አለች። ያቺ ሴት ከቤቷ ስትመጣ ዳቦ በራሽን ነው። መንገዱ ላይ የሚሰቀለው የእነሱ ባንዲራ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ካርታ አይታ ይሆን? ሰው ተናግራ ይሆን? ወይስ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ሠርታ ወጣች? ልጁ በትሕትና፣ «ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ አጣርቼ እጽፍልሻለሁ» አለና ኢሜይሌን ተቀበለኝ።

የጋሼ ጥያቄ ግን ልጁን ላብ አስጠመቀው። «ጠይቂልኝ» አሉ። «ስንት ድልድይ ነው? ስንት ቶን ፈንጂ? ስንት መሐንዲስ?»

ልጁ በከተማዋ ወደ 20,000 የሚጠጋ የጀርመን ወታደር እንደነበርና አንዳንድ ድልድዮችና ሕንፃዎች እንደተጠመዱ ተናገረ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያሉትን እዚህ በሙሉ እጽፈዋለሁ፤ ከጉብኝቱ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

«ድልድይ ማፍረስ ቁልፍ መጫን አይደለም። ፈንጂ ማምጣት አለብሽ። እግሩን ቆጥረሽ ማሰር አለብሽ። ሽቦ መዘርጋት አለብሽ። ከዚያ ዋናው ነገር፣ እስኪፈነዳ ድረስ መጠበቅ አለብሽ። ከተማው ተነስቶብሽ እያለ በየድልድዩ ሰው ታቆሚያለሽ? ማታ አንድ ልጅ መቀስ ይዞ መጥቶ ይቆርጥብሻል። ወታደሮቹ በየሕንፃው ተከበው የራሳቸውን ነፍስ ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ ይሄ ሰውዬ ‹አላፈርስም› ያለው ማፍረስ ሲችል ነው ወይስ አቅም ሲያጣ? ሁለቱ አንድ አይደለም።»

ተረጎምኩ። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ የታሪክ ሰዎችም በዚሁ እንደሚከራከሩ አመነ። ከጦርነቱ በኋላ ትዕዛዝ ጥሼ ከተማዋን አዳንኩ ብሎ የጻፈው ራሱ ኮልቲትዝ ነው። ታዲያ ልጄ፣ ይህን እያወቅህ ማስታወቂያው ላይ «ያዳነው» ብለህ ለምን ትጽፋለህ? ይህን ግን አልጠየቅኩትም። ማስታወቂያውን እሱ አይጽፈውም።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ይጀምራል።

ጉብኝቱ የሚሸጥልህ የአንድ ሰው 16 ቀን ነው። ሰውየው ግን በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ሌላም ቦታ ነበር። ሜይ 1940 ሆላንድ ሲወረር ሌተና ኮሎኔል ኮልቲትዝ ሻለቃውን ይዞ ሮተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወርዶ ለድልድዮቹ ሲዋጋ ነበር። ሜይ 14 ከተማዋ በአየር ተደበደበች። ከ800 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 80,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። ለሐቁ ያህል፣ የእጅ መስጠት ድርድር ላይ ስለነበሩ መሬት ላይ ያሉት ጀርመኖች አውሮፕላኖቹ እንዲመለሱ ቀይ ሮኬት ተኩሰዋል። ድብደባው የእሱ ትዕዛዝ አይደለም። በ1942 ደግሞ ክራይሚያ ነበር፣ ሬጅመንቱን ይዞ ሴቫስቶፖል ላይ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከተማረከ በኋላ ነው። እንግሊዞች ለንደን አጠገብ ትሬንት ፓርክ የሚባል ትልቅ ቤት ውስጥ የጀርመን ጄኔራሎችን በክብር አስቀመጡ። ምግብ፣ መጠጥ፣ አትክልት ስፍራ። ቤቱ ግን በድብቅ ማይክሮፎን ተሞልቶ ነበር። ኮልቲትዝ ፓሪስ ላይ እጅ በሰጠ በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 29፣ ለሌላ ጄኔራል ሲያወራ ተቀዳ። በሕይወቴ የፈጸምኩት ከባዱ ሥራ አይሁዶችን ማጥፋት ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ፈጽሜዋለሁ አለ። የት እንደሆነ እዚያ አልዘረዘረም፤ የታሪክ ሰዎች ክራይሚያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የተቀዳው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ ቤት ተቀመጠ። ሰውየው ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም። በ1947 ተፈታ፣ በ1966 ባደን ባደን ውስጥ አረፈ። ቀብሩ ላይ የፈረንሳይ መኮንኖች ተገኝተዋል።

ይህን እኔ የማውቀው ከጉብኝቱ በፊት ማታ ስልኬ ላይ ስላነበብኩ ነው። ልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቀስ ብዬ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ግን የእኛ ጉብኝት ፓሪስን ብቻ ነው የሚመለከተው።»

እሺ። ፓሪስን ብቻ እንበል። ኦገስት 15፣ ኮልቲትዝ ከገባ በስድስተኛው ቀን፣ ከፓንታን ጣቢያ አንድ ባቡር ተነሳ። ከ2,000 በላይ የፖለቲካ እስረኞችን፣ ወንዶቹን ወደ ቡኸንቫልድ፣ ሴቶቹን ወደ ራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ ይዞ ሄደ። ኦገስት 16 ማታ ቡዋ ደ ቡሎኝ ጫካ ውስጥ 35 ወጣት አርበኞች ተረሸኑ። ኦገስት 17 ፓሪስ አጠገብ አይሁዶች ከታጎሩበት ከድራንሲ ካምፕ የመጨረሻው የአይሁዶች ባቡር ወጣ። እነዚህን የፈጸሙት በአብዛኛው የናዚ ልዩ ጦር ኤስ.ኤስ. እና ምስጢራዊ ፖሊሱ ጌስታፖ ናቸው ይባል፣ ልክ ነው። በዚያው ኦገስት 17 ኖርድሊንግ ከጀርመኖቹ ጋር ተፈራርሞ የቀሩትን እስረኞች አስፈትቷል፤ ይህም ይነገር። ግን ፓንታን ፓሪስ አጠገብ ነው፣ በሜትሮ ይደረሳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ለዚህ አምስት ደቂቃ ጠፍቶ፣ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቆምን። አዎ፣ ሱቅ ነበረ። የኢፍል ማማ ማግኔት 4 ዩሮ።

ጋሼ ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልተገረሙም። «ግራዚያኒን ማን ጠየቀው?» አሉ። እውነት ነው። ያንን ሰው ጣሊያኖች በ1950 የፈረዱበት ከጀርመን ጋር በማበሩ እንጂ አዲስ አበባ ላይ ላፈሰሰው ደም አልነበረም። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ወጣ። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ጋሼ ከዚህ በላይ አላሉም፤ እኔም አልነካካኋቸውም።

ከሆቴሉ በኋላ ያለው ክፍል ይሻላል። እንዲያውም ሦስተኛውን ኮከብ ያስገኘው እሱ ነው።

በወንዙ ዳር ሄደን ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ደረስን። ኦገስት 24 ከምሽቱ፣ በፈረንጅ 21:22 ላይ፣ ካፒቴን ሬሞን ድሮን የሚመራው ትንሽ ቡድን እዚህ ደረሰ። ከፈረንሳዩ ጄኔራል ሌክሌር 2ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር የመጀመሪያው ነው። ከቡድኑ አብዛኞቹ ግን ፈረንሳዮች አይደሉም፤ አገራቸው ላይ በፍራንኮ የተሸነፉ ስፔናውያን ናቸው። ተሽከርካሪዎቻቸው ላይ ጓዳላሃራን የመሳሰሉ የስፔን ጦርነት ቦታዎችን ስም ጽፈዋል። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ዛሬ በስማቸው የተሰየመ ትንሽ የአትክልት ስፍራ አለ። በዚያች ማታ የኖትርዳም ደወል ሲደወል ኮልቲትዝ ሆቴሉ ሆኖ ሰምቶታል። ልጁ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጋሼ ሳልተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ነገር ጨመረ። ሌክሌር ከቻድ ተነስቶ ሰሃራን ያቋረጠው በአብዛኛው ጥቁር ወታደሮችን ይዞ ነበር። ክፍለ ጦሩ በአሜሪካ መሣሪያ እንደገና ሲደራጅ ግን እነዚያ ወታደሮች ተለይተው ቀሩ። ፓሪስ የሚገባው ጦር ነጭ እንዲሆን ተፈለገ። ቡድኑ ውስጥ ጥቁሮቹ እኔና ጋሼ ብቻ ነበርን። ልጁ ይህን ሲናገር ወደ እኛ አላየም፤ ለሁሉም እኩል ነው የተናገረው። ደስ አለኝ። ሰው ማስታወቂያው ባያስረው ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያው ድልድዩን ተሻግሮ ነው። ኮልቲትዝ የእጅ መስጫውን ሰነድ የፈረመው እዚህ ነው፣ ቢሊያርድ በሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ። ሕንፃው ዛሬም ፖሊስ ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው። ግድግዳው ላይ የጥይት ጠባሳ አለ፤ ልጁ ሳይሆን ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ። «ይሄ ከታች ወደ ላይ የተተኮሰ ነው» አሉ።

ከሲቴ ጣቢያ 4 ቁጥር ሜትሮ ይዘን ሞንፓርናስ ወረድን። የሜትሮው ቲኬት ዋጋው ውስጥ የለም፤ በ2025 በራስ 2 ዩሮ ከ50 ነበር። እዚያ ብዙ የሚታይ የለም። ኮልቲትዝ የተኩስ ማቆም ትዕዛዞቹን የፈረመበት፣ የፈረንሳዮቹ መሪ ደጎልም የደረሰበት የድሮው ባቡር ጣቢያ ፈርሷል። ቦታው ላይ ያ ሁሉም ሰው የሚያማው ጥቁር ሕንፃ፣ የሞንፓርናስ ማማ፣ ቆሟል። ጋሼ፣ «ጄኔራሉ ያላፈረሰውን ራሳቸው አፈረሱት» አሉ።

ከዚያ በዚያው መስመር ሦስት ፌርማታ፣ ዳንፌር ሮሽሮ። የፓሪስ ነፃነት ሙዚየም በር ላይ ልጁ አመሰገነን፣ ቲፕ ሰበሰበ፣ ሄደ።

«የሙዚየሙ መግቢያስ?» አልኩት።

«ግቡ፣ ነፃ ነው» አለኝ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ዓረፍተ ነገር ይህቺ ናት። የሙዚየሙ ቋሚ ኤግዚቢሽን ለማንም ሰው ነፃ ነው። ለዓለም ሁሉ በነፃ የተሰጠን ነገር «ተካትቷል» ብሎ መሸጥ በአማርኛ ስም አለው።

በዚያ ሰዓት ጋሼ ደክሟቸው ስለነበር በማግስቱ እሑድ ተመለስን። ሰኞ ዝግ ነው፣ ልብ በሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼን ያስደሰታቸው ይህ ነው። ከሙዚየሙ ሥር 20 ሜትር ወደ ታች የሚወርድ መጠለያ አለ። 100 ደረጃ ነው። «ጉልበትዎ» ስላቸው፣ «ከዚህ የባሰ ጉድጓድ ገብቻለሁ» ብለው ቀደሙኝ። ሲወርዱ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ድምፅ እየታፈነ ይሄዳል። ከባድ የብረት በሮች አሉ፣ ጠባብ ኮሪደር፣ ትንንሽ ክፍሎች።

የፓሪስ አርበኞች አዛዥ ኮሎኔል ሮል ታንጊ ከኦገስት 20 ጀምሮ ውጊያውን የመራው ከዚህ ነው። ሰውየው የብረታ ብረት ሠራተኛ ነበር፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው። ስፔን ሄዶ ተዋግቷል። «ሮል» እዚያ የሞተ ጓደኛው ስም ነው፤ ለራሱ የጦር ሜዳ ስም አደረገው። ሚስቱ ሴሲል አብራው ነበረች፤ ትዕዛዞቹን በታይፕ የምትመታው እሷ ናት። መጠለያው ከከተማው የስልክ ማዕከል ውጪ የሆነ የራሱ ስልክ ነበረው። ጋሼ እዚህ ጋ ቆመው ቀሩ። «አየሽ፣ ጦርነቱ እዚህ ነው» አሉ። «ስልክ ያለው ያሸንፋል።» ጠባቂዋን ሠራተኛ ስለ ሽቦው አቅጣጫ በእኔ በኩል ሩብ ሰዓት ፈተኗት። ሴትየዋ ሳትሰለች መለሰች።

አንዱ ሐር አንሶላ ላይ፣ አንዱ ከመሬት በታች 20 ሜትር ላይ፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት። ጉብኝቱ ይህን ይዞ በሩ ላይ ጥሎን ሄደ። ከዚህ ቢጀምርና ሆቴሉ ላይ ቢጨርስ 35 ዩሮውን ባልቆጠርኩት ነበር።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፦ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ውሃ ያዙ። የጆሮ ማዳመጫውን ኮንኮርድ ላይ ሳላችሁ ሞክሩ። ሱቁ ጋ ስትደርሱ ውጭ ቆማችሁ ግንቡ ላይ ያሉትን ሰሌዳዎች ለማየት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚያ ሩቅ አይደለም። መጠለያውን ለብቻችሁ ሌላ ቀን ሂዱበት፣ ለሱም ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ላይ ግን አትፍረዱበት፤ ላዩ ላይ ያለው ኤግዚቢሽን ብቻውን ግማሽ ቀን ይሞላል።

ለድርጅቱ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሱቁና ስለ «ተካትቷል» ጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ቀን ትሑት መልስና የ10 በመቶ ቅናሽ ኩፖን መጣ። ስለ ፓንታን የጻፍኩትን አልነኩትም።

ጋሼ አገር ቤት ከገቡ ሁለት ወር ሆናቸው። ባለፈው እሑድ ደወሉ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ሥራ ጠየቁ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ያ ልጅ ስለ አልጋው ጻፈልሽ?» አሉኝ።

«አልጻፈም፣ ጋሼ።»

«ደግመሽ ጠይቂው» አሉ።